ሞተርህ ወይራዋ ጋ ስትደርስ ትቆማለች

ታዴ ወንድምዓለም፣

የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ እየጣለ ነው ትተኸን የሄድከው። ክረምቱ ያላንተ ገባ፣ ያላንተም ወጣ። ይኸው ግቢው ደርቆ እማዬ በርበሬ አስጥታለች፤ እኔ ደሞ አጥሩ ሥር፣ ሞተርህ አጠገብ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ። ዳዊት ሳይደግም ከየኔታ ግቢ አጥር ዘሎ የጠፋ ሰው ከዚህ በላይ አይጽፍም። ቢሆንም ይኼን ነገር ከኔ በቀር የሚነግርህ የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልስጥህ። አንተ የነበርክበት ጋራዥ እኔ ገብቻለሁ። የጋራዡ ጌታ ሲኞሩ «የታደሰ ወንድም? እጅ አሳይ» አለኝ፤ አሳየሁት፤ ጎማ ለጥፍ ብሎ አስገባኝ። ሳምንት ሳይሞላ ሞተር ስፈታ አየኝና ዝም ብሎ አለፈ። የሱ ዝምታ ሙገሳ ነው ያልከኝ አንተ ነህ። አሁን ሌሎቹ ሠራተኞች ሲቸግራቸው «ሽፌን ጥሩት» ነው የሚሉት። ጉራ አይደለም፣ ጠይቃቸው። ወደ ጋራዡ ከሚወስደው ቁልቁለት በታች፣ ድልድዩ ጋ፣ ጣሊያኖቹ ኬላ አቁመዋል። አንድ ባንዳ ጠብመንጃ ይዞ ይቆምበታል፤ ያገሬ ሰው ሆኖ ከጣሊያኑ ይብሳል። ውሻህ ቡላ አለ። ድሮ ሞተርህ ሥር ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደው አልነበር? አንተ ከሞትክ በኋላ ግን ግቢው ውስጥ እሷ ካለችበት በኩል አላልፍ አለ። ጥግ ጥጉን ዞሮ ይሄዳል፤ ዓይኑን ከመቀመጫዋ ላይ አይነቅልም። ሰው የተቀመጠበት ይመስል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ያመጡህ ዕለት የሆነውን ታውቀው እንደሆነ እንጃ። ጭነት የያዘ የጣሊያን ካሚዮን ወይራዋ ኩርባ ላይ ከኋላህ መጥቶ ገጨህ። ሹፌሩ ወርዶ እንኳን አላየህም። ሰፈርተኛው ነው በቃሬዛ ተሸክሞ ያመጣህ። ሊያጥቡህ ሸሚዝህን ሲከፍቱ አንገትህ ባዶ ነበር። ማተብህ የለም። ያቺ እማዬ በእጇ ፈትላ፣ የናሷን መስቀል አድርጋ፣ በዚያ በማይፈታ ቋጠሮዋ አንገትህ ላይ የቋጠረችው ጥቁር ክር የለችም። ዝናቡ እየወረደብኝ ኩርባው ላይ በአራት እግሬ ሄጃለሁ ታዴ። ጭቃውን በጣቴ ማስኩት፣ ቦዩን በወንፊት አጠለልኩት። የለም። የንስሐ አባታችን «እግዜር ልጁን በክር አይደለም የሚያውቀው» ብለው እማዬን አጽናኗት። እሷ ግን እሺ ትበል እንጂ ልቧ አላመነም። ያለማተብ የተቀበረ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል ትላለች። አገሩ ሳይገባ፣ ቤቱም ሳይመለስ፣ መሀል መንገድ ላይ። ከቀብርህ ዕለት ጀምሮ በሩን አላስቀረቅር አለች፤ «ቢመጣ በሩን ማን ይከፍትለታል?» እያለች። ጅብ ከአጥሩ ሥር በሚጮህበት አገር በር ገርበብ አድርጎ መተኛት ምን እንደሚመስል አስበው።

ሞተርህን ከቦዩ አወጣናት። መሪዋ ተጣሞ ነበር፣ የቤንዚን ቋቷ ጎኑ ላይ ተጨፍልቋል፤ ሌላው ደህና ነው። መሪዋን በጉልበቴ አቃናሁት። አንተ ሁለት ሰው ጠርተህ የምታቃናውን እኔ ብቻዬን። አንዴ ብረግጣት ተነሳች። እማዬ ድምጿን ስትሰማ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ እኔን ስታይ ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋራዥ ይዣት ወጣሁ። ሜዳው ላይ እንደ ወፍ ናት። ከቀራንዮ በታች ያለውን ቁልቁለት ጀመርኩ። መንገዱ ወይራዋ ሥር ጉብ ብሎ የሚታጠፍበትን ቦታ ታውቀው የለ? እዚያ ስትደርስ ሁለቴ ሳለችና ጸጥ አለች። የፊት ጎማዋ የወይራዋን ሥር ተደግፎ ቆመ። አንተን ያነሱህ ከዚያች ሥር ላይ ነው። ብረግጥ፣ ብረግጥ፣ የለችም። ወደ ላይ መልሼ ገፋኋትና ሜዳው ላይ አንዴ ረገጥኳት፤ ተነሳች። መልሼ ወረድኩ። ወይራዋ ጋ ሁለቴ ሳለች፣ ቆመች። ጎማው ያቺው ሥር ላይ። ገፍቼ ከድልድዩ ካሻገርኳት በኋላ ማዶ ዳገቱ ላይ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ ሄደች። ማታ ስመለስ ደሞ በዚያው ኩርባ ሽቅብ ስታልፍ እንኳን ልትቆም አልሳለችም።

በነጋታውም እንደዚያው። በሚቀጥለውም።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ዘርጋን ከኋላ አፈናጠጥኩት። መርካቶ ሸቀጡ ጋ ላድርስህ ብዬው ነው። ገና ቁልቁለቱን ስንጀምር ወሬው ደርሶታልና «ሽፌ፣ ወንድምህ ዛሬ ያሳልፈን ይሆን?» እያለ ይቀልዳል። እኔም «አንተን አይቶ ነው የሚያስቆመን፣ ዕዳህን የምትከፍለው መስሎት» አልኩት። ሳቅን። ወይራዋ ጋ ስንደርስ ሁለቴ ሳለችና ቆመች። ዘርጋ መሳቁን አቆመ። ወረደ፣ አማተበ፣ «በእግሬ እሄዳለሁ» አለኝና ዞር ብሎ ሳያየኝ ሄደ። ወሬውን በሰፈሩ የሞላው እሱ ነው። «ስትሄድ ይይዛታል፣ ስትመለስ ይለቃታል። ወንድሙን ከቤት አትራቅ እያለው ነው» ማለት ጀመሩ። ወሬው እማዬ ጋ ደረሰ። አላለቀሰችም። «አላልኳችሁም? መንገድ ላይ ነው ያለው» ብላ እህል መቅመስ ተወች። ውሃና ቆሎ፣ በቃ። የክንዷ አጥንት እስኪታይ።

ያኔ ነው እልህ የያዘኝ። ሞተሯን ካዳንኳት አንተ መንገድ ላይ አልቀረህም ማለት ነው። ካልዳነች ግን እማዬ ትከተልሃለች። እንደዚያ አድርጌ ነው ያየሁት።

ያስተማርከኝን አንድም አላስቀረሁ። መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ ቤንዚን፣ ቀጥሎ አየር፤ ከዚህ ውጪ ሞተር የሚያስቆም ነገር የለም ትል የለ? ካንዴላውን ፈታሁ፤ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ይዘላል። ቤንዚን መውረጃዋን ከፈትኩ፤ እንደ ምንጭ ይወርዳል። ካርቡራተሯን አውርጄ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረገፍኳት። ዓይኔን በሻሽ አስረህ ታስፈታኝ፣ ታስገጥመኝ እንደነበረው አድርጌ፣ አንዲት ብሎን ሳልጥል። ተንሳፋፊዋን ቆርቆሮ ጆሮዬ ላይ ነቀነቅኳት፣ ውሃ አልገባባትም። ቤንዚን የምታንጠባጥበዋን ቀዳዳ በፈረስ ጭራ ጠረግኳት፤ በሽቦ የነካት ሰው ቀዳዳዋን ያሰፋታል ብለህ ጆሮዬን ጎትተኸኛልና። አየር መሳቢያውን አጠብኩ። ገጠምኳት። ግቢ ውስጥ ከጠዋት እስከ ቀትር ስትሠራ ዋለች። ድምጿ የታወቀ ነው፣ አዝማሪ እንኳን እንደዚያ ድምፅ የለውም። «አዳንኳት!» ብዬ ለሰፈሩ ጮህኩ። በማግስቱ ወይራዋ ጋ ሁለቴ ሳለችና ቆመች።

ፈራሁ ታዴ። ሽፈራው ፈራ ብለህ ለማንም እንዳትናገር፤ ለማን ትናገራለህ ደሞ። ያን ዕለት ጉም ነበር፣ ባሕር ዛፎቹ ግማሻቸው አይታይም። ስትቆም ወፉም ዝም አለ። የሚሰማው የጋለው ብረት እየቀዘቀዘ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ብቻ ነው። ሳልወርድ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ከኋላዬ መቀመጫው ዝቅ አለ። ሰው ሲፈናጠጥ ዝቅ የሚለውን ያህል፣ ሽቦው ሲጥ ብሎ። ዞሬ አላየሁም። ዞሬ ማየት ያለብኝ ይመስለኛል፣ ግን አልዞርኩም። ልክ ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ ያ ባንዳ ብቅ አለ። ከኬላው ሽቅብ መጥቶ ነው።

«አንተ፣ በየቀኑ እዚህ የምትቆመው ማንን ብለህ ነው? ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለኝ።

 እሱ የጠረጠረው ሌላ ነው፤ ጫካ ላሉት አርበኞች መልእክት የማቀብል መስሎታል። ሞተሯ ተበላሽታ ነው አልኩት። እሱም «ሁልጊዜ እዚህ? ከእንግዲህ እዚህ ቆመህ ካየሁህ ለጣሊያኖቹ አስረክብሃለሁ» አለኝና ከኋላዬ ያለውን ባዶ መቀመጫ አየት አድርጎ ሄደ። ለምን እንዳየው እስካሁን ይገርመኛል።

እሱን ለእማዬ አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ የምገፋት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነበር፤ ሞተሯን አጥፍቼ በእጄ ይዣት እወርዳለሁ፣ እንደ በሬ። እማዬ ግን አንድ ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ወደ ኩርባው ወረደች። ተከትያት ሄድኩ። ወይራዋ ሥር ቆማ ወደ ገደሉ «ታደሰ! ቤትህ ወዲህ ነው፣ ወዲህ!» እያለች ትጣራለች። ልጅ ሆነን ከወንዝ ስንቆይባት እንደምትጠራን፣ በዚያው ድምፅ። ገደሉ የመጨረሻውን ቃል ብቻ መልሶ ያመጣዋል። ወዲህ፣ ይላል። እሷ ደሞ የመለስክላት መስሏት ጆሮዋን ታዘነብላለች።

እዚያው ቆሜ ነው ያንተ ነገር ትዝ ያለኝ። ያቺ ሲኞሩ ተስፋ የቆረጠባት የካሚዮን ሞተር ጋራዥ ውስጥ ደህና ሆና መንገድ ላይ ስታስቸግር፣ ምን ነበር ያልከው? «የታመመን ሰው ሲሻለው አይተህ መድኃኒቱን አታውቅም፤ ሲያመው፣ ያመመው ቦታ ላይ እየው።» እኔ ለካ ግቢ ውስጥ ስፈታ ስገጥም የከረምኩት ኩርባው ላይ መንበርከክ ፈርቼ ነው። ጀግናው ሽፌ!

እሁድ ጠዋት ካሚዮን የማያልፍበትን ሰዓት ጠብቄ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ኪሴ ከትቼ፣ አስነስቻት ወረድኩ። እንደ ልማዷ ሁለቴ ሳለችና ጎማዋን ሥሩ ላይ አደረገች። ልረግጣት አልሞከርኩም። ተንበርክኬ የቤንዚን መውረጃዋን ከካርቡራተሯ ነቀልኩና የቋቷን መክፈቻ፣ ሩቢኔቶዋን፣ ከፈትኩ። ጠብ አትልም። ቋቷን ወዘወዝኩት፤ ቤንዚኑ ውስጡ ይንቦጫረቃል። ሞልቷል፣ ግን አይወርድም። ግቢ ውስጥ እንደ ምንጭ የሚወርደው እዚህ ላይ ጠብ አይልም። ሩቢኔቶዋ ያለችው ከቋቷ ፊት በኩል ነው፤ ቁልቁል ስትሄድ አንድ ነገር ወደ ፊት እየተንሸራተተ አፏን ይደፍናታል ማለት ነው። ከቁልቁለቱ አፍ እስከ ወይራዋ የምትደርሰው ካርቡራተሯ ውስጥ በቀረችው ጉርሻ ቤንዚን ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ። ሽቅብ ስትመለስ ደሞ ያ ነገር ወደ ኋላ ይንሸራተትና ይለቃታል።

ሽቦ ቆልምሜ በቋቷ አፍ አስገባሁ። ለስለስ ያለ ነገር ያዘልኝ። ጎተትኩት፣ እንቢ አለ፣ እንደ አሳ። ደግሜ ጎተትኩት።

ማተብህ ነች ታዴ።

እጄ ላይ ቤንዚን እያንጠባጠበች፣ የናስ መስቀሏ ጠርታ እንደ አዲስ እያበራች። ያን ጊዜ ያ የመጨረሻ ጠዋትህ ትዝ አለኝ። ቤንዚን ስንት እንደቀረ ለማየት በቋቷ ላይ ጎንበስ ብለህ ማተብህን ከነመስቀሏ ወደ ውስጥ ታወርዳት ነበር፤ ክሯ የረጠበችውን ያህል ትለካበታለህ። እንጨት አትነክርም፣ «ቅርፊት ይጥላል፣ ካርቡራተር ይደፍናል» ብለህ። እማዬ «ማተብህ እኮ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተች» እያለች ትቆጣህ ነበር። ያን ጠዋትም ጎንበስ ብለህ ስትለካ በዚህ ዓይኔ አይቼሃለሁ። በጥሰህ ጥለሃት ይሆናል ብዬ ክሯን አገላበጥኩ። ክሯ አልተበጠሰችም። ቋጠሮዋም አልተፈታችም፤ እማዬ እንደቋጠረቻት ናት። እኔ ጭንቅላቴ ላይ ሞከርኳት፣ ጆሮዬን አላልፍ አለች። ያንተ ጭንቅላት ደሞ ከኔ ይበልጣል፣ ባርኔጣህ ዓይኔ ላይ ነው የሚወርደው። ታዲያ ከአንገትህ እንዴት ወጣች? ሁሉንም መርምሬ መልስ ያጣሁለት ይኼ ብቻ ነው። ምርመራውንም ትቼዋለሁ።

ሌላው ግን እዚያው እንደተንበረከክኩ ገባኝ። እኔን በየቀኑ ያስቆመችኝ፣ አንተንም ያን ዕለት ያስቆመችህ ማተብህ ናት። ጉብታው ላይ ሞተርህ ጸጥ አለችብህ፤ አንተም ምን ሆነች ብለህ ወደ ካርቡራተሯ ጎንበስ አልክ፤ ካሚዮኑ ከኋላ መጣ። ይኼን የምናውቀው አንተና እኔ ነን። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። ፈትላ ያሰረችልህ ክር ናት። ቤንዚን ስትለካ ሾልካ ገብታ ቋቷ ውስጥ ከረመች፣ ያልኳት ይኼን ብቻ ነው።

ሰጠኋት። ቋጠሮዋን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች፣ ከዚያ ሳቀች። ካንተ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «አሁንም ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል» አለች። በበነጋው የንስሐ አባታችንን ይዘን መቃብርህ ጋ ሄድን። እሳቸው ጸሎት አድርሰው፣ በራስጌህ በኩል ያለውን ድንጋይ እኔ አንስቼ፣ እሷ በእጇ አፈር ውስጥ አኖረችልህ። አገኘሃት? ከመቃብርህ ስንመለስ እማዬ ምሳ በላች፣ ጨመረችም። ሲመሽ ተነስታ በሩን ራሷ ቀረቀረችው። ጠዋት ስነሳ ቡላ ሞተርህ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል።

ሁሉም ደስ ይላል አይደል? እኔም ደስ ብሎኝ ነው ወደ ሥራ የወጣሁት። ቁልቁለቱን ስጀምር ልማድ ሆኖብኝ አንድ እግሬን መሬት ለመርገጥ አወረድኩ። ወይራዋ ጋ ደረሰች። አልሳለችም። ጎማዋ ሥሩን ዘሎ፣ ኩርባውን ዞሮ፣ ሽው ብሎ አለፈ። ያ ባንዳ እንኳን አፉን ከፍቶ አየኝ። ማዶ ዳገቱ ላይ ስደርስ ፊቴ በሙሉ ረጥቦ አገኘሁት፣ ዝናብ የለም። ለካ እስከዚያ ጠዋት አልሞትክብኝም ነበር። በየቀኑ ታስቆመኝ ነበር፤ እኔም እየተሳደብኩና እየፈራሁ በየቀኑ ካንተ ጋር እቆም ነበር። አዳንኳትና አጣሁህ።

ስለዚህ ስማኝ ወንድምዓለም። ሥራ በሚገባበት ቀን ሳልቆም አልፋለሁ፣ እማዬን ማን ያበላታል። እሁድ እሁድ ግን የቁልቁለቱ አፍ ላይ ስደርስ ሩቢኔቶዋን በገዛ እጄ እዘጋታለሁ። ውስጧ የቀረችው ጉርሻ ቤንዚን እስከ ወይራዋ ታደርሰኛለች፣ እዚያ ሁለቴ ስላ ትቆማለች። ጣሊያን ቢሄድ፣ ጣሊያን ቢቆይ፣ ጢሜ ቢሸብት፣ እሷም ዝጋ በሌላ ሞተር ብትተካ፣ እዚያ እቆማለሁ። ያ ባንዳ መጥቶ ማንን ነው የምትጠብቀው ቢለኝ፣ አሁን መልስ አለኝ።

ከኋላዬም መቀመጫው ዝቅ ካለ አልዞርም። አጥብቀህ ያዘኝ ብቻ።

ታናሽህ
ሽፌ